የጎረቤት አፈር

ጽጌሬዳ ቀለም አይታ ተሳስታ አታውቅም። ይህን የምትለው ራሷ ብትሆንም፣ ከእሷ ጋር ቦዲቲ ገበያ ውስጥ ያደጉ ሰዎችም አይክዷትም። እናቷ ለሸማኔዎች ዱንጉዛ የሚባለው የወላይታ ጥበብ የሚሸመንበትን ክር ይሸጡ ነበር፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ጽጌሬዳ ጥርስ ሳታበቅል ጀምሮ የተቀመጠችው ከክር ክምር ላይ ነው። ሌላው ሕፃን «እማ» ብሎ አፉን ሲፈታ እሷ «ይሄ ቀይ ለቋል» ብላ ነው የፈታችው ይባላል። ሸማኔ ሁለት ልቃቂት ይዞ መጥቶ አንድ ዓይነት ናቸው ቢላት፣ አንዱ የበርበሬ ቀይ ሌላው የቲማቲም ቀይ መሆኑን አስረድታ ከነልቃቂቱ ትመልሰዋለች። በሠርጓ ቀን እንኳ የሚዜዎቹ ከረባት ከአበባው ጋር አይሄድም ብላ አጀቡን መንገድ ላይ አስቁማለች። ባሏ እስከ ዛሬ ያለ እሷ ካልሲ አይገዛም።

እንዲህ ያለች ሴት በግብርና ተመርቃ፣ ከሻንቶ ከፍ ብላ በምትገኝ ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ሆና ስትመደብ ያ ዓይኗ ሥራ አልፈታም። ከመንገድ ዳር ቆማ ማሳ እያየች «ይሄ ማዳበሪያ አንሶታል፣ ያኛው ውሃ በዝቶበታል፣ የወዲያኛው ባለቤት ደግሞ ከሚስቱ ጋር ተኳርፏል» ትላለች። ሦስተኛውን በምን አወቅሽ ሲሏት የጓሮውን ጎመን በአገጯ ታሳያለች። ያልታረመው ለምን ይመስላችኋል?

የካቲት ላይ ከወረዳው የአፈር ባለሙያ ከይስሐቅ እጅ አንዲት ሳጥን ተረከበች። የምሳ ዕቃ ታክላለች። ውስጧ ትንንሽ ጎድጓዳ ያላት ነጭ የፕላስቲክ ገበታ፣ በጠብታ የሚወርድ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ፣ የሕፃን ፓውደር የመሰለ ነጭ ዱቄትና የቀለም ካርድ አለ። አሠራሩ ሊጥ ከማቡካት አይከብድም። አፈሩን በማንኪያ ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ ማድረግ፣ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አድርጎ ማሸት፣ ነጩን ዱቄት ከላይ መነስነስ፣ ከዚያ ትንሽ መታገስ። ዱቄቱ ራሱ ቀለሙን ይለውጣል። ብርቱካንማ ከሆነ አፈሩ እጅግ ኮምጣጣ ነው፤ ቢጫ ከሆነም ኮምጣጣ ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ሐምራዊ ከሆነ ደግሞ ደህናን አልፎ እንደ አመድ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዷል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ መሬት ያባውን ደግሞ ያቺ ጠብታ።

ይስሐቅ ሳጥኗን ሲሰጣት አብሮ የነገራት ነገር ነበር። አንድ መኪና ኖራ ይመጣል፤ አንድ ብቻ። ኖራው የአፈሩን ኮምጣጤ የሚያበርድ የድንጋይ ዱቄት ነው፤ ከዘር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ካልታረሰ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። መኪናው የሚሄደው አፈሩ ከሁሉ ይበልጥ ወደ ኮመጠጠበት ቀበሌ ነው፤ ያንን የሚወስነው ቀለሙ ነው። ጽጌሬዳ ሳቀች። የቦሎቄያቸው ቅጠል ስንት ዘመን ሲገረጣ አይታለች! ሾፌሩ ከአሁኑ መሪውን ወደ እኛ ያዙር አለችው፤ ወደ ቀበሌዋም ስትመለስ ባገኘችው ደጃፍ ሁሉ ኖራው የእኛ ነው እያለች አለፈች።

ከሁሉ በላይ ኖራውን የሚፈልገው የአቶ ሻንቆ መሬት ነበር። አቶ ሻንቆ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሲጸልዩ ጉባኤው ያለቅሳል፣ ስለ ጓሯቸው ሲያወሩ ደግሞ ይተኛል። የወላይታ ገበሬ መሬት መቼም ሁለት ፊት አለው። ቤቱን የከበበው ዳርኮዋ ይባላል፤ እበቱም አመዱም የቤት ጥራጊውም የሚፈሰው እዚያ ስለሆነ ጥቁርና ለምለም ነው፤ እንሰቱ፣ ቦይና የሚሉት ጎደሬ፣ ጎመኑ የሚበቅለው ከዚያ ነው። ራቅ ብሎ ቁልቁል ያለው ሾቃ ነው፤ ቀይ፣ ደረቅ፣ ማዳበሪያ በልቶ የማይወፍር። የአቶ ሻንቆ ዳርኮዋ የቀበሌው መነጋገሪያ ነው። አንድ ጊዜ የጠፋ ጥጃ እንሰቱ ውስጥ ሲፈለግ ከርሞ ወይፈን ሆኖ ወጣ እስከ ማለት የደረሱ አሉ። ሾቃቸውን ግን ማንም አያነሳባቸውም። ባለፈው መኸር ባለቤታቸው ወይዘሮ አሳየሽ የዚያን ሁሉ ማሳ ቦሎቄ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የገቡት፤ የተዘራው ከተሰበሰበው ይበልጥ ነበር።

አቶ ሻንቆም ቆርጠዋል። ዘንድሮ መሬቱ ካልተሻለው ባሕር ዛፍ ይተክሉበታል። ችግኙ በጥቁር ፕላስቲክ ተሞልቶ በራቸው ላይ ተሰልፏል። ጽጌሬዳ ባለፈች ቁጥር ታየዋለች፤ ደስ አይላትም። ባሕር ዛፍ አንዴ የገባበት ሾቃ ላይ በእሷ ዕድሜ ቦሎቄ እንደማይመለስ ታውቃለች። ኖራው ከመጣ ችግኙ እዚያው ሰልፉ ላይ ይቀራል፤ ካልመጣ ይተከላል።

በመመርመሪያው ቀን ገበሬው ከየማሳው ትንሽ ትንሽ አፈር ይዞ ወደ ገበሬ ማሠልጠኛው በረንዳ እንዲመጣ ተነገረው። መጣ። ግን አመጣጡ የምርመራ አልነበረም፣ የሠርግ እንጂ። ወንዶቹ ኮት ለብሰዋል፤ ሴቶቹ ተቀባብተዋል። አፈሩ ራሱ ጌጠኛ ሆኖ ነበር። አንዱ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎታል፣ አንዱ በቴርሞስ ክዳን ይዞታል፣ አንዷ በወንፊት ነፍታ ዱቄት አስመስላዋለች። አቶ ሻንቆ በነጭ መሐረብ ቋጥረው፣ መሐረቡን በሁለት እጃቸው እንደ ሙሽሪት ቀለበት ይዘው ቀረቡ።

ጽጌሬዳ ጠብታዋን ጠብ አደረገች፣ ዱቄቷን ነሰነሰች። አረንጓዴ። የሚቀጥለውም አረንጓዴ። ከዚያ የሚቀጥለው ከቀድሞዎቹ የባሰ አረንጓዴ። በረንዳው በሙሉ በኩራት ያብጥ ጀመር። የአቶ ሻንቆ ተራ ሲደርስ ዱቄቱ አረንጓዴውን ዘሎ ሐምራዊ ሆነ። ሕዝቡ ሐምራዊ ምን ማለት እንደሆነ ባያውቅም ከሁሉ የተለየ ስለሆነ አንደኛ የወጣ መሰለውና አጨበጨበ። አቶ ሻንቆ ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱ።

ይስሐቅ ውጤቱን በስልክ ሲሰማ እንኳን ደስ ያላችሁ አላት። ጤነኛ መሬት ያለው ቀበሌ ማግኘት መታደል ነው፤ እንግዲህ ኖራው ወደ ታችኞቹ ቀበሌዎች ይሄዳል። ጽጌሬዳ መኪናውን እስከሚቀጥለው ሳምንት እንዳያንቀሳቅስ ለመነችው። ምን ልታደርጊ ነው ቢላት፣ ቀለሙ ልክ ነው፣ አፈሩ ግን ሐሰተኛ ነው ብላ ስልኩን ዘጋች። ተሳሳትኩ የሚለው ሐሳብ ለአፍታም አልጎበኛትም።

መሐረቡን ይዛ ወደ አቶ ሻንቆ ቤት ወጣች። የመሐረቡን አፈር ቀደም ብላ በጣቷ በትናው ነበር፤ የከሰል ፍርፋሪና የእንሰት ቃጫ አግኝታበታለች። እንሰቱ ሥር፣ ወይዘሮ አሳየሽ አመድ ከሚደፉበት አጠገብ፣ አዲስ የተቆፈረ ጉድጓድ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

«አባባ፣ ይሄ አፈር ከየት ነው የመጣው?»

«ከመሬቴ» አሉ አቶ ሻንቆ።

«ከየትኛው መሬትዎ?»

«ከመሬትህ አምጣ አልሽ፣ አመጣሁ። ዳርኮዋው የኔ አይደለም? የደገፉ ነው?»

ደገፉ የአጥር ጎረቤታቸው ነው። የሁለቱ ሾቃ ጎን ለጎን ነው፤ በመካከሉ ያለችው ድንበር ስንት ሽምግልና እንዳደከመች እግዜር ይወቀው።

ጽጌሬዳ የሚመረመረው የማያበቅለው መሬት መሆኑን ደግማ አስረዳቻቸው። አቶ ሻንቆ በትዕግሥት፣ ለልጅ እንደሚነገር አድርገው መለሱላት።

«ልጄ፣ ሴት ልጅሽን ሊያጩ ሽማግሌ ሲመጣ አጥበሽ ቀብተሽ ነው የምታቀርቢያት፣ ወይስ ከነጉንፋኗ?»

«የመጣው የሚያጭ ቢሆን እቀባት ነበር። የመጣው ሐኪም ነው። ለሐኪም የሚታየው የሚያመው ቦታ ነው።»

«ሾቃዬ ደክሞታል እንጂ አልታመመም» አሉና ወደ ችግኛቸው ዞሩ።

ሰው የልጁን ጉድለት በአደባባይ አያወጣም፤ የመሬቱንም እንደዚያው። ጽጌሬዳ ይህ ገባት። ቀበሌው በሙሉ እንግዳ መጣ ብሎ ጥሩ ጥሩውን አቅርቧል፤ ማንም ለማታለል ብሎ አልነበረም። ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ አሳምኖ ሾቃው ድረስ መውሰድ ደግሞ እስከሚቀጥለው ጥምቀት አያልቅም።

ይህንን እያሰበች ስትወጣ ደገፉ በአጥሩ በኩል ጠራት። በሰው መሬት ጉዳይ የሚገባ ሰው እንዳልሆነ አስቀድሞ ነገራት። ከዚያም ገባ። የአቶ ሻንቆ ቦሎቄ ከየትኛው ትልም ጀምሮ እንደሚገረጣ፣ በቆሎው የት ላይ የጣት ውፍረት እንደሚያክል፣ ዛፏ ሥር ያለው ጥግ ላይ አረም እንኳ ለመብቀል እንደሚጠየፍ በዝርዝር ዘረዘረላት። ባለቤቱ ራሳቸው ይህን ያህል አያውቁትም። ጽጌሬዳ አጥሩን ይዛ ቆማ ሰማችው፤ ፊቷ ላይ ፈገግታዋ ቀስ በቀስ ይሰፋ ጀመር። ስለ ራሱ ሾቃ ስትጠይቀው ደገፉ ምስጋና ለጌታ ደህና ነው አለና ወደ ቤቱ ገባ።

እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ ፓስተሩን አስፈቅዳ ለማስታወቂያ ተነሳች። ባለፈው የመጣው አፈር በጣም ያማረ እንደነበር አመሰገነች። ለቀጣዩ ምርመራ ግን ማንም የራሱን አፈር እንዳያመጣ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያመጣው የጎረቤቱን የሾቃ አፈር፣ ያውም ሰብሉ ከከፋበት ቦታ ቆፍሮ እንዲሆን ለመነች። ከዚያ የመዝሙር ሰዓት ላይ እንኳ ያልታየ መነቃቃት በየወንበሩ አለፈ። ደጅ እንደ ወጡ አንዳንዶች ለምሳ ሳይደርሱ መቆፈሪያ ፍለጋ ሄዱ ይባላል።

በማግስቱ በረንዳው ላይ ኮት የለበሰ አልነበረም። ሰዉ እስከ ጉልበቱ ቀይ አፈር ለብሶ፣ የማዳበሪያ ጆንያ የሚያህል ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ለምርመራው የሚበቃው የማንኪያ ጫፍ ነው፤ የመጣው ግን ቤት ያስመርጋል። ያ ሕዝብ ለጎረቤቱ ሲል የቆፈረውን ያህል ለራሱ ቢቆፍር ኖሮ ቀበሌው ኖራም ማዳበሪያም ባላስፈለገው። ጠብታው ጠብ፣ ዱቄቱ ነስነስ፦ ብርቱካንማ። ብርቱካንማ። አንዱማ እንዲያ ነደደና ጽጌሬዳ እሳት እንዳይዛት ወደ ኋላ አለች። አቶ ሻንቆ ያመጡት የደገፉ አፈር ብርቱካንማ ሆነ፤ ደገፉ ያመጣው የአቶ ሻንቆ አፈርም ብርቱካንማ ሆነ፤ ሁለቱም ባመጡት ሲደሰቱ በመጣባቸው ተቆጡ።

ጩኸቱ ያን ጊዜ ነው የጀመረው። ያ አፈር የኔ አይደለም የሚለው በዛ። አቶ ሻንቆ ግን አልጮሁም። ተነስተው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ደገፉ አፈሩን ከሰይጣን ጓሮ ቆፍሮ ካልሆነ በቀር ከእኔ መሬት አላመጣውም አሉ። ደገፉም ከየት እንደቆፈርኩ ጉድጓዱ ራሱ ይመስክር አለ።

ጽጌሬዳ ይህንንም ውጤት እንደማትልከው ታውቅ ነበር። የጎረቤት ዓይን የመረጠው ጥግ እንደ ጓሮው እንሰት ሥር ሐሰተኛ ነው፤ አንዱ የተቀባ፣ ሌላው የተቧጨረ። እሷ የፈለገችው ይህን ጩኸት ነበር። አፈሩ የእርስዎ ካልሆነ፣ አለች ለአቶ ሻንቆ፣ እስቲ ሾቃዎ ላይ አብረን ወርደን ትክክለኛውን እንቆፍር፤ ደገፉም ቆሞ ይይ። እንኳን አቶ ሻንቆ፣ በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ስሙን ለማደስ እኔም ጋ ነይ እያለ ተሰለፈ። ትናንት ወደ ሾቃው በልመና የማይወስዳት ሰው ዛሬ እጇን ይዞ ይጎትታት ጀመር።

ማሳው ላይ እንደ ሰካራም መንገድ ወዲያና ወዲህ እየዞረች ከየቦታው ቆፈረች። ደገፉ ዛፏ ሥር ወዳለው ጥግ ሊመራት ሞከረ፤ አቶ ሻንቆ ላሟ ታድርበት ወደነበረው ቦታ በከዘራቸው ጠቆሙ። እሷ ሁለቱንም ሰምታ ሁለቱንም አለፈች። የቆፈረችውን ሁሉ በባልዲ አዋህዳ፣ በከረጢት ላይ አስጥታ፣ ደረቅ ሲል ከመሐሉ ቆንጥራ ጎድጓዳው ውስጥ አደረገችው። ሁለቱ ሰዎች ከጭንቅላቷ በላይ ጭንቅላታቸውን አጋጭተው አዩ። ዱቄቱ ትንሽ ቆየ፣ አመነታ፣ ከዚያ ቀላ።

«ብርቱካንማ ነው» አለች፤ «ወደ ቢጫ የሚያደላ። ኮምጣጣ ነው አባባ።»

አቶ ሻንቆ ካርዱን ተቀብለው ከዱቄቱ አጠገብ አደረጉት፣ ራቅ አደረጉት፣ ዓይናቸውን አሹ። ደገፉ ሊስቅ አፉን ሲከፍት ጽጌሬዳ ባልዲዋን ይዛ ድንበሯን ተሻግራ ወደ እሱ ማሳ ገባች። የእሱም ያው ሆነ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ያን ሳምንት ሙሉ ቀበሌውን ቆፈረችው። በየማሳው ባለቤትና ጎረቤት ቆመው ይጠብቋታል፤ አንዱ ለመልካሙ ሌላው ለክፉው ይጎትታል፣ እሷ በመሐል ትቆፍራለች። አዲሱን ውጤት ለይስሐቅ ስትልክ ሰውየው ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ራሱ መጣ። አፈር እስስት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለፈው አረንጓዴ፣ አሁን ብርቱካንማ፤ ለየትኛው ነው ኖራ የምጭነው? ያ የመጀመሪያው አረንጓዴ ከየት እንደመጣ ካልተነገረው መኪናውን ወደዚህ ማዞር እንደማይችል በአቶ ሻንቆ ማሳ ዳር ለተሰበሰበው ሕዝብ ነገረ።

ሁሉም ከየት እንዳመጣ ያውቃል፤ ግን ያን ማለት ሾቃዬ ታሟል ብሎ በእንግዳ ፊት መመስከር ነው። ጽጌሬዳ ልትናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። ወደ አቶ ሻንቆም አላየችም፤ ካርዷን ማጠፍና መዘርጋት ያዘች። ከላይ፣ ከአቶ ሻንቆ ደጃፍ፣ የችግኙ ሰልፍ ይታያል።

አቶ ሻንቆ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከእንሰቴ ሥር፣ ከአመዱ ቦታ ነው ያመጣሁት። ደህናውን አሳየኋችሁ። ሾቃዬ ኮምጣጣ ነው፤ እነሆ ቆፍሩት።» ነገር መጨረስ ስላለበትም፣ «የደገፉም ያው ነው» ብለው ጨመሩ።

ያን ካሉ በኋላ የሌላው ሰው አንደበት ተፈታ። እኔም ከጎመኑ ሥር፣ እኔም ከበረቱ ደጃፍ ሲባል ይስሐቅ ራሱ ማንኪያውን አንስቶ ከተቆፈረው ቆነጠረ፣ ጠብታውን ጠብ አደረገ፣ ቀለሙን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለሾፌሩ ደወለ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ሌላ ሆነ። ኖራው የሚከፋፈለው እንደ ኮምጣጣነቱ መሆኑ ሲሰማ፣ መሬቴ ጤነኛ ነው ሲል የከረመው ሕዝብ የእኔ ይብሳል እያለ ጽጌሬዳን በየመንገዱ ያስቆማት ጀመር። ደገፉ የእሱ ብርቱካን ከአቶ ሻንቆ ብርቱካን ይበልጥ እንደሆነ ካርዱን ደግማ እንድታይለት ጠየቃት።

መኪናው ሲራገፍ ቀበሌው ነጭ ሆነ። ከላይኛው መንገድ ያለፈ ባጃጅ ነጂ ሻንቶ ገብቶ እዚያ ላይ በረዶ ጥሏል ብሎ አወራ። አቶ ሻንቆና ደገፉ ኖራቸውን በአንድ ቀን በተኑ፤ ነፋሱ የአንዱን ወደ ሌላው ሲወስድ ሁለቱም ድንበሯ ላይ ቆመው ተቆጣጠሩት። ከዚያ በሬዎቻቸውን አስገብተው አረሱት። የባሕር ዛፉን ችግኝ ወይዘሮ አሳየሽ አስነስተው ማንም ከማያርሰው ገደል አፋፍ ላይ አስተከሉት።

ቦሎቄው ሲያብብ ጽጌሬዳ በዚያ አለፈች። አቶ ሻንቆ ማሳው ዳር ቅጠል ቀጥፈው ይዘው ይጠብቋታል፤ ደገፉም ከድንበሯ ማዶ ቅጠል ይዞ ቆሟል። የትኛው የተሻለ አረንጓዴ እንደሆነ እሷ እንድትፈርድ ተስማምተዋል፤ በድንበሯ እንኳ ሳይስማሙ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ጽጌሬዳ ሁለቱን ቅጠሎች ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አነሳቻቸው። የአቶ ሻንቆ ጠቆር ብሏል፤ ክር ቢሆን ኖሮ ሸማኔውን ከነልቃቂቱ የምትመልስበት ያህል ልዩነት አለው።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ከድንበሯ ወዲህና ወዲያ አንገታቸውን አሰገጉ።

«አንድ ዓይነት ናቸው» አለች ጽጌሬዳ፣ ቅጠሎቹንም አደባልቃ መለሰችላቸው።